የወንዙ ጭቃ ሽታ

ቀናው በሃያ ሰባት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ብልቃጥ እንኳ ሰብሮ አያውቅም። እሱ ራሱ ይህን ለማንም አይናገርም፤ ሰው ሲናገርለት ግን ቀና ብሎ ይሰማል። አቃቂ ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ብልቃጦቹን በመጠን በመጠናቸው አሰልፎ፣ መዝገቡን በሁለት ቀለም እስክሪፕቶ ሲጽፍ ላየው ሰው ዓለም በሙሉ በሥርዓት የምትመራ ትመስለዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ አንድ ቀን ሲሳሳት በትንሹ አይሳሳትም።

ጊዜው ቀበሌዎች ታጥፈው ወረዳ የሆኑበት፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለኮንዶሚኒየም መሬት የሚቆፈርበት፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ በየወሩ ግምገማ የሚቀመጥበት ነበር። ከላቦራቶሪው ዝቅ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። በበጋ ውሃው እዚያ ሲደርስ ይደክመውና ይቆማል። ከዚያ ጥር ሲገባ አረንጓዴ ይሆናል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ላዩ እንደ ገንፎ ይወፍራል። የአትክልት ገበሬዎቹ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይታነቃል፣ የጠጡት ከብቶች ሆዳቸው ይነፋል፣ ሰፈሩ አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል። ገበሬዎቹ አቤቱታ አቀረቡ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ገና ስብሰባ ሳይቀመጥ ግን ሰው ሁሉ ጥፋተኛውን አግኝቶ ነበር፤ ሐጀራ።

ሐጀራ ከላቦራቶሪው ግድግዳ ጋር በሚዋሰን ግቢ ውስጥ ሦስት የወተት ላሞችና አንዲት ጊደር አሏት። ባሏ ሙሀመድሁሴን በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጀርባውን ሲያመው መኪናውን ትቶ ላሞቹን ገዛ። የላሞቹ በረት ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ነው፤ ክረምት ሲዘንብ እበቱ ወደ ታች ይታጠባል። ይህን ማንም ያያል። የማይታየውን ማን ይጠይቃል?

የማይታየውን የጠየቀችው ዮዲ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን የምትሠራ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ስትገባ ቅር የማይላት ቀጭን ልጅ ናት። ኮሚቴው ጥናቷን እንደሚጠቀምበት ቃል ስለገባላት በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ላቦራቶሪው መጣች።

"ጋሽ ቀናው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ፎስፈረስ ነው" አለችው። "ገበሬው ዳፕ እያለ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ለስንዴ ምግብ እንደሆነ ሁሉ ለዚህ አረንጓዴ ነገርም ምግቡ ነው። ከሳሙናው፣ ከሽንት ቤቱ፣ ከማሳው እየታጠበ ስንት ዓመት ሙሉ ወንዝ ሲገባ ኖሯል። ግን ሁሉም ከውሃው ጋር አልሄደም። ጭቃው ለራሱ አስቀርቷል።"

"ካስቀረው ምን ጣጣ አለው?"

"እሱን ነው የምንጠይቀው። ጭቃው እንደያዘው ነው ወይስ በበጋ ይለቀዋል? የሚለቅ ከሆነ የሐጀራ ላሞች ቢኖሩም ባይኖሩም ወንዙ አረንጓዴ መሆኑ አይቀርም።"

ቀናው ውሃ እንጂ ጭቃ መርምሮ አያውቅም። ነገር ግን የሙሀመድሁሴን ጉዳይ የእሱም ጉዳይ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ አስከሬኗን እስከ ትውልድ አገሯ ያደረሰው ሙሀመድሁሴን ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር ነድቶ፣ መቃብሩ ድረስ አብሮ ተሸክሞ፣ ማታውኑ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች አንድ እድር ብቻ ሳይሆን አንድ ቤት ሆነዋል። ሐጀራ በየጠዋቱ ለቀናው የልጅ ልጅ ወተት ታመጣለች፤ በጾም ቀን እሱ እንደማይቀምስ ስለምታውቅ ለልጅቷ የሚበቃውን ብቻ ለክታ ትሰጣለች።

እናም ከዮዲ ጋር ወንዝ ወረደ። ክንድ የሚያህሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ጭቃው ውስጥ ቀጥ አድርገው እየተከሉ አወጡ። ከታች ጥቁር ጭቃ፣ ከላይ የወንዝ ውሃ፣ ጫፉ ላይ ጋዝ የሚያስተነፍስ ቀጭን ጎማ የተሰካበት ውታፍ። በላቦራቶሪው ጨለማ ዕቃ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን አስደግፈው አቆሟቸው። ሃያ አምስት ቀን እንዲህ ይቆያሉ፤ ከዚያ ከላይ ያለው ውሃ ይለካል።

"ውታፉን ማንም እንዳይነካው" አለች ዮዲ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ።

"ባስነካ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አላት ቀናው። አቧራ እንዳይገባበት ፈርታ ነው ብሎ አሰበ። አቧራ ደግሞ እሱ ባለበት ቤት ውስጥ አይገባም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሀመድሁሴን ሞተ። ከጀርባ ሕመሙ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ሌሊት ልቤን ብሎ ጎህ ሳይቀድ አረፈ። በዕለቱ ተቀበረ፤ ከሰዓት በኋላ እድሩ ድንኳን ተከለ። የግቢው ጠባብነት የታወቀ ስለሆነ ድንኳኑ የተተከለው የላቦራቶሪውን ዕቃ ክፍል ግድግዳ ታክኮ ነው።

ቀናው ከወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ነፋሱ ሲዞር ከዕቃ ክፍሉ መስኮት የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ መጣ። የአሥራ ሁለቱ ቱቦዎች ጭቃ ነው፤ ያለ አየር ሲቆይ እንዲህ ይገማል። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከወደ ኋላ አንዱ በሹክሹክታ "ምንድነው የሚሸተው?" አለ፤ ሌላው "ዝም በል እባክህ!" አለው። እዚያ ማዶ ሐጀራ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ቀናው ፊቱ ጋለ። ወዳጁ በሞተበት ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የሙሀመድሁሴንን ለቅሶ የሚያገማው እሱ የሚጠብቀው ዕቃ ነው። ደግሞስ ሰው ሬሳው ትቶት የሄደው ሽታ ነው ቢልስ?

ተነስቶ ዕቃ ክፍል ገባ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጓሮው በር አውጥቶ ከድንኳኑ ራቅ ያለ ጥላ ሥር አቆማቸው፤ ውታፋቸውንም ነቀለ። ከላይ ያለውን ውሃ በኩባያ እየቀዳ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈሰው ጀመር። ሽታው እስኪጠፋ ይህንኑ ደጋገመ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ጠዋትና ማታ እንዲሁ አደረገ። ጠብታ ውሃ አልደፋም፣ ጭቃውን አልነካም። ድንኳኑ ሲነሳ ውታፎቹን መልሶ ቱቦዎቹን ወደ ቦታቸው አገባ። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም ብሎ ራሱን አሳመነ። መዝገቡ ላይ ግን አልጻፈውም።

ሃያ አምስተኛው ቀን ዮዲ መጣች። ከየቱቦው ውሃ ቀድተው፣ አጣርተው መድኃኒቱን ጠብ አደረጉበት። ፎስፈረስ ያለበት ውሃ ይህ መድኃኒት ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥርም ሰማያዊው ይጠቁራል። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። አሥራ ሁለቱም ብልቃጥ እንደ ቧንቧ ውሃ ጥርት ብሎ ቀረ።

"ጭቃው ምንም አልለቀቀም" አለች ዮዲ ቅር እያላት። "እኔ እንኳ ሌላ ነበር የጠበቅኩት። ግን ውጤት ውጤት ነው።"

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው። ሰብሳቢው የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና የላቦራቶሪው ኃላፊ ተስፋሚካኤል ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፋይል ሲዘጋ ደስ የሚለው ሰው ነው። ጭቃው ካልሆነ ነገሩ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ በረቱ ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ በረቱ ይነሳ ተባለ። ከገበሬዎቹ አንዱ ብቻ እጁን አወጣ።

"ልጄ፣ ይሄ ልኬትሽ ሊሳሳት አይችልም?"

"በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚሳሳተው" አለች ዮዲ። "ጭቃው ውስጥ ብረት አለ። አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ፎስፈረሱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። አየር ሲያጣ ዝገቱ ይሟሟና የያዘውን ሁሉ ወደ ውሃው ይለቀዋል። በበጋ ወንዙ ሲቆም ከታች አየር የለም፤ ቱቦዎቹን የዘጋናቸው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ከፍቶ አየር ቢያስገባ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ግን በጋሽ ቀናው እጅ ነው የነበሩት።"

ሰዎቹ ወደ ቀናው ዞረው ፈገግ አሉ። ተስፋሚካኤልም "እሱማ!" አለ፤ ፋይሉ ተዘጋ።

ቀናው ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አሁን ቆሜ ልናገር አለ በልቡ፤ ሰው ግን ወንበሩን እየገፋ መውጣት ጀምሮ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። በማግስቱ ዮዲ አልነበረችም። ከዚያ ወዲያ ተስፋሚካኤል ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከዚያ እሑድ ሆነ። ሰው ሊሸሽ ሲፈልግ ቀን ሁሉ ይተባበረዋል። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። ሐጀራ በየጠዋቱ ወተቱን ይዛ ስትመጣ ዓይኗን እንዳያይ የጆጉን ክዳን ሲያጥብ ይቆያል።

በአሥረኛው ቀን ወተቱ ቀረ። ቀናው በረቱ ድረስ ሄደ። አራት ላም የሚታሰርበት ቦታ ላይ አንዲት አሮጌ ላም ብቻ ቆማ ታመነዥካለች።

"ሦስቱን ለሜሳ ወሰዳቸው፣ የገላኑ ነጋዴ" አለችው ሐጀራ። ጥቁር ሻርፗን ገና አላወለቀችም። "ሠላሳ ቀን ሞልቶ ሰው ሁሉ መገደዴን ካወቀ በኋላ ደህና ገዢ አላገኝም ብዬ ነው። ይቺን እንኳ እርጅናዋን አይቶ ትቷታል። ትንሿ ጊደር ስትወጣ ዞራ ዞራ እያየችኝ… ተወው እባክህ። ሙሀመድሁሴን ቢኖር ይሟገት ነበር። እኔ ምን ብዬ ነው ከሳይንስ ጋር የምሟገተው?"

ቀናው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "አይዞሽ" የሚል ብቻ ነበር። ወደ ላቦራቶሪው ሲመለስ ራሱን ጠላ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወርሃዊው ግምገማ ነበር። በግምገማ ሰው ሁሉ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ማለትም ድክመቱን ራሱ ይናገራል። ይህንንም ሁሉም ተክኖበታል። ሒሳብ ሹሟ "ሥራ ስለማበዛ ለራሴ ጊዜ አልሰጥም" አለች። ሾፌሩ "አንዳንዴ ከሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ" አለ። ተስፋሚካኤል ሁሉንም በጥሞና እየሰማ ይጽፋል። የቀናው ተራ ደረሰ። በየወሩ "የእጅ ጽሑፌ ትንሽ ነው" ይል ነበር፤ ተስፋሚካኤልም እሱኑ ቀድሞ መጻፍ ጀምሯል።

"የዮዲን ቱቦዎች ከፍቻቸዋለሁ" አለ ቀናው።

ተስፋሚካኤል እስክሪፕቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳ።

"በሙሀመድሁሴን ለቅሶ ሦስቱንም ቀን ከፍቻቸዋለሁ። እየሸተተ አሳፈረኝ። አየር አስገባሁበት፣ ሽታው እስኪጠፋ ውሃውን ገለባበጥኩት። መዝገብ ላይም አልጻፍኩም። ውጤቱ የተሳሳተው በእኔ ነው። ይህን ካወቅኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ዝም አልኩ። ሐጀራ ላሞቿን ሸጠች።"

ሒሳብ ሹሟ የሆነ ነገር እንደጠፋባት ሁሉ ቦርሳዋን መፈተሽ ያዘች። ተስፋሚካኤል እስክሪፕቶውን አስቀመጠና፣

"አቶ ቀናው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይሄ እኮ ግለ ሂስ አይደለም። ይሄ ጥፋት ነው።"

"አዎ" አለ ቀናው።

ለዮዲ ራሱ ደወለ። "ለምን አልነገሩኝም?" አለች። "የዚያኑ ቀን ቢነግሩኝ ሌላ ቱቦ እተክል ነበር።" ድምፅዋ ውስጥ እልህም ለቅሶም አለ። ከዚያ "ጭቃው የትም አልሄደም። ነገ እመጣለሁ" ብላ ዘጋች።

ውሳኔው ታገደ፤ ቀናው ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው ነው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። እንደገና ወንዝ ወረዱ፤ እንደገና አሥራ ሁለት ቱቦ፣ እንደገና ጨለማ ክፍል። ዮዲ በዚህ ጊዜ ውታፎቹ ላይ ፊርማዋ ያረፈበት ወረቀት ለጠፈችባቸው። ቀናው ሲያይ አመመው፤ ቢሆንም ተገቢ ነው አለ። በአሥረኛው ቀን ገደማ ሽታው ተነሳ። ከዚያ በኋላ ቀናው ምሳውን እዚያው በሩ ላይ እየተቀመጠ ይበላ ጀመር። ማንም አላዘዘውም።

ወንዙም እስከዚያው አልጠበቀም። መጋቢት ሲገባ መታጠፊያው ከአምናው ብሶ አረንጓዴ ሆነ። ሦስቱ ላሞች ገላን ከሄዱ ወር ሊሆናቸው ነው።

በሃያ አምስተኛው ቀን መድኃኒቱን ጠብ አደረጉ። የመጀመሪያው ብልቃጥ ገና ሰዓት ሳይቆጥሩለት ቀለሙን ቀየረ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ አሥራ ሁለቱም ሰማያዊ ሆኑ፤ እንዲያውም የመጨረሻዎቹ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቆሩ። በሠላሳ፣ በአርባ ዓመት የታጠበው ሳሙና፣ የተበተነው ማዳበሪያ፣ የፈሰሰው ሽንት ቤት ሁሉ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ አየር ባጣ ቁጥር ይወጣል። ዮዲ ብልቃጦቹን እያየች አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ራሷም የምታውቀው አይመስልም።

ኮሚቴው አዲሱን ደብዳቤ ጻፈ። በረቱ ይቆይ፣ እበቱ ጉድጓድ ይቆፈርለት፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ጭቃ የሚጠረግበት መንገድ ይጠና። ደብዳቤውን ለሐጀራ የሚያደርሰው ቀናው እንዲሆን እሱ ራሱ ለመነ።

ሐጀራ አሮጌዋን ላም እያለበች ነበር። ደብዳቤውን አነበበላት። እጇን ሳታቆም ሰማችው።

"ለሜሳን ጠይቄው ነበር" አለ ቀናው። "ሁለቱን ቃሊቲ ላለ ልኳንዳ አስረክቧል። ጊደሯን ይመልስ እንደሆነ…"

"ጊደሯንም ወልድያ ለሚኖር ሰው ሸጧታል። ጠይቄዋለሁ።" ወተቱ ጣሳውን እየመታ ይጮሃል። "ሰዎቹ የከፈትከው አንተ ነህ አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ለምን?"

ቀናው ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ከርሟል። "በለቅሶው ቀን ሽታው ድንኳኑ ድረስ መጣ። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ለሙሀመድሁሴን አፈርኩ። ሰው ስለሱ ክፉ እንዳያስብ ብዬ ነው። አንቺም እንዳይሰማሽ ብዬ። ከዚያ በኋላ ግን ዝም ያልኩት ለራሴ ብዬ ነው፤ እሱን አልዋሽሽም።"

ሐጀራ ማለቧን አቆመች። ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደገፈች።

"ቀናው" አለችው፣ "ሠላሳ ዓመት እዚህ ወንዝ ላይ ስንኖር ያ ሽታ በየበጋው ቤታችን ውስጥ ነው። እንጀራ ስንበላ አለ፣ ስንተኛ አለ። ሙሀመድሁሴን እንዲያውም ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ አየሩን ይስብና 'አሁን ቤቴ ገባሁ' ይል ነበር። እኔ ያን ቀን ምንም አልሸተተኝም።"

ቀናው ደብዳቤውን አጠፈው። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም።

ሐጀራ ተነስታ ከጣሳው ግማሽ ያህሉን በጆግ ቀዳችለት። ከአንዲት አሮጌ ላም ከዚህ በላይ አይገኝም።

"ይሄን ለልጅቷ ውሰድላት" አለችው። "ሌላ ጊዜ ግን ጠይቀኝ።"